በደቅ ደሴት የጓሮ አትክልት ስለ መጀመር

የጓሮ አትክልት ማለት በመኖሪያ ቤት አጠገብ፣ በቤተ ሰብ ጉልበት የሚተከልና በመጀመሪያ ለቤት ምግብ፣ የተረፈውም ለገበያ የሚሆን አትክልት ነው። በጣና ሐይቅ ደሴቶች ለሚኖር ገበሬ ጥቅሙ ከሌላው ይበልጣል። ከባሕር ዳር በጀልባ በሚመጣ ሽንኩርት ላይ የመጓጓዣው ዋጋ ይጨመርበታል፤ ቲማቲምም በመንገድ ይፈርጣል፤ ከጓሮ የተቀጠፈ ቆስጣ ግን ወዲያውኑ ከድስት ይገባል።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 46 ከመቶው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ሆነው ተገኝተዋል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ምግቡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። እንጀራ ሆድ ይሞላል፤ ዓይንን ከዳፍንት የሚጠብቀውን ቪታሚን ኤ ግን አይሰጥም። ይህም በጎመን፣ በቆስጣ፣ በካሮትና በዱባ ይገኛል። በጥቂት ዘይት ተሠርቶ ሲበላ ለሰውነት የበለጠ ይስማማል።

ጊዜው መቼ ነው?

በብርድ አገሮች የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት ሥራው በረዶ ሲቀልጥ፣ ማለት በመጋቢትና በሚያዝያ እንዲጀመር ይመክራሉ። ይህ ምክር ለእነርሱ ትክክል ነው፤ ለጣና ዙሪያ ግን አይሆንም። በእኛ ዘንድ መጋቢትና ሚያዝያ ፀሐይ የሚበረታበት፣ ምድር የሚደርቅበት ወራት ነው። ዝናማችን በብዛት የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ የእኛ አትክልት ተካይ ሥራውን የሚጀምረው ክረምቱ ሲወጣና መጸው ሲገባ፣ በመስከረም ነው። በዚያን ጊዜ አፈሩ እርጥበቱን ይዟል፤ ፀሐይ ወጥቷል፤ በክረምት ቅጠልን የሚያበሰብሰው ዋግም ይቀንሳል።

ከመስከረም አስቀድሞ ዘር የተበተነ እንደሆነ ከባድ ዝናም ዘሩን ያጥበዋል፤ ቲማቲምም በበሽታ ይጠፋል። እስከ ኅዳር የዘገየ እንደሆነ ደግሞ እርጥበቱ ስለሚያልፍ የማጠጣቱ ድካም ይበዛል።

የመደቡ ብዛት በውሀ ይወሰናል

ብዙ ሰው አትክልት ሲጀምር መሬቱን አይቶ ነው። ሰፊ ቦታ ይቆፍራል፤ በጥር ወር ውሀ መቅዳት ሲሰለቸው ግን ግማሹ ይደርቅበታል። ደቅ በሐይቅ መካከል ስለሆነች ውሀ አይጠፋም፤ ነገር ግን ውሀውን ከሐይቁ ዳር እስከ ጓሮ ተሸክሞ የሚያወጣው ሰው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሒሳቡን መሥራት ይገባል።

በበጋ አንድ ሜትር ካሬ አትክልት በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሀ ይፈልጋል። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ መደብ 5 ሜትር ካሬ ነው፤ በቀን ከ20 እስከ 25 ሊትር ይጠጣል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ነው። እንግዲህ ደንቡ አጭር ነው፤ ለአንድ መደብ በቀን አንድ ጀሪካን። ቤተ ሰቡ ሳይጎዳ በየቀኑ አራት ጀሪካን ለአትክልት መቅዳት የሚችል እንደሆነ በአራት መደብ ይጀምር። አሥር መደብ ቆፍሮ ስድስቱን ከማድረቅ አራቱን በደንብ ማሳደግ ይሻላል። ሸክሙ በእናትና በልጆች ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ሁሉም ተራ ሊገባ ይገባል።

በመደቡ ላይ በችግኞቹ መካከል ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዞ መተው ፀሐይ እርጥበቱን እንዳይወስደው ይረዳል። ሲጠጣም ማለዳ ወይም ማታ እንጂ በቀትር አይሁን።

ሥፍራ ስለ መምረጥ

ሥፍራው ለቤት የቀረበ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከትልልቅ ዛፍ ጥላ የራቀ ይሁን። ዶሮና ፍየል እንዳይገቡበት በእሾህ ይታጠር።

የሐይቁ ውሀ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ እየቀነሰ ይሄዳል። በመስከረም ውሀ ዳር የነበረ ጓሮ በሚያዝያ ከውሀው ርቆ ይገኛል፤ ይህን አስቦ የማመላለሻውን መንገድ አስቀድሞ ማበጀት ያሻል። ውሀ ሸሽ መሬት ለምና እርጥብ ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን ደንገሉን መንጥሮ እስከ ውሀው አፍ ድረስ መቆፈር ጉዳት አለው። ደንገል ታንኳ የሚሠራበት ብቻ አይደለም፤ አፈር ወደ ሐይቅ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ዓሣም በሥሩ ይራባል። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። አትክልቱ ከደንገሉ በላይ በደረቁ ምድር ይሁን።

ስለ መደብና ስለ ፍግ

መሬቱ አንድ ክንድ ያህል በጥልቀት ተቆፍሮ ድንጋዩና የሣር ሥሩ ይለቀማል። ድንጋዩ አይጣል፤ ለመደቡ ጠርዝ ይሆናል። በመስከረም ዝናሙ ገና ፈጽሞ ስለማይቆም መደቡ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሠራ፤ ይህ በተለይ ውሀ ለሚያቁረው ለዋልካ አፈር አስፈላጊ ነው። በመደብና በመደብ መካከል ለመተላለፊያ 40 ሳንቲ ሜትር ይተው። በመደቡ ላይ መርገጥ አይገባም፤ የተረገጠ አፈር ሥር አያሳልፍም።

ለአንድ ሜትር ካሬ ከ2 እስከ 3 ኪሎ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። ጥሬ ፍግ ሥርን ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ፍግ የሌለው ሰው የቤት ጥራጊ፣ ቅጠል፣ አመድና ጥቂት እበት በየድርብርቡ ከምሮ፣ ውሀ እያርከፈከፈ፣ በየጊዜው እያገላበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ቢያቆየው ጥሩ ብስባሽ ያገኛል።

እምቦጭ የተባለው አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ ከታየ ወዲህ ለብስባሽ ይሆናል የሚሉ ሰዎች አሉ። መበስበሱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ እምቦጭን ከሌላ ዳር በታንኳ ጭኖ ወደ ደሴት ማምጣት ፈጽሞ አይገባም።

ዘር ስለ መምረጥ

የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፤ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ብዙው አይበቅልም። ስለዚህ ሲገዛ ጣሳው ወይም ከረጢቱ ያልተከፈተ፣ የታሸገበትም ቀን የተጻፈበት መሆኑ ይታይ። ከመዝራት በፊት 20 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከ7 እስከ 10 ቀን ማቆየት ነው። ከ14 በላይ ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው፤ ከ10 በታች የሆነ እንደሆነ በእርሱ መደብ ማባከን አይገባም።

ዝርያውም ይታወቅ። በብርድ አገር የሚለማ ሽንኩርት ራስ የሚይዘው ቀኑ በጣም ሲረዝም ነው። በእኛ አገር የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ ያ ዘር ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለአገራችን ቀን የሚስማሙት እንደ አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ ያሉት ናቸው።

ችግኝ ስለ ማፍላትና ስለ መትከል

ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ አስቀድሞ በችግኝ መደብ ይፈላሉ። ዘሩ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት በተሰመረ መስመር፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይዘራል፤ በስሱ አፈር ይለብስና በደረቅ ሣር ይሸፈናል። ማቆጥቆጥ ሲጀምር ሣሩ ይነሣና ከፍ ያለ ዳስ ይሠራለታል። ዳሱም ቀስ በቀስ ይሳሳል። ከመነቀሉ አንድ ሳምንት በፊት ውሀው ይቀነስ፤ ችግኙ ይጠነክራል። መትከያው ሰዓት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው።

ሽንኩርት በመስመር መካከል 20፣ በችግኝ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይተከል። እንዲህ ሲሆን አንድ ባለ 5 ሜትር ካሬ መደብ 250 ችግኝ ይይዛል። 50ው ቢበላሽ እንኳ 200 ራስ ይቀራል፤ በቀን ሦስት ራስ ለሚፈጅ ቤት ከሁለት ወር በላይ ይበቃል። ቲማቲም በአንድ መደብ ሁለት መስመር ሆኖ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከልና በእንጨት ይደገፍ። ካሮትና ቆስጣ ግን በቀጥታ በመደቡ ላይ ይዘራሉ፤ ካሮት ሲበቅል በመካከሉ 5 ሳንቲ ሜትር እየተተወ ይሳሳል።

ለአራት መደብ የሚሆን የጊዜ ሠሌዳ

1ኛ፤ ሽንኩርት። መስከረም 5 ቀን በችግኝ መደብ ይዘራል፤ ከ50 ቀን በኋላ ጥቅምት 25 ቀን ይተከላል፤ በ120 ቀን ገደማ፣ በየካቲት መጨረሻ ይደርሳል።
2ኛ፤ ቆስጣና ጎመን። ቆስጣ መስከረም 20 ቀን ቢዘራ በ55 ቀን፣ ማለት ጾመ ነቢያት በሚገባበት በኅዳር 15 ቀን መቀጠፍ ይጀምራል። የውጭ የውጩ ቅጠል እየተቀጠፈ ልቡ ከተተወ ለብዙ ሳምንት ይበላል።
3ኛ፤ ካሮት። በመስከረም መጨረሻ ይዘራል፤ በ100 ቀን ገደማ፣ በጥር መጀመሪያ ይነቀላል።
4ኛ፤ ቲማቲም ወይም ቃሪያ። ዘሩ በመስከረም አጋማሽ ይፈላል፤ ቲማቲም ከ4 እስከ 5 ሳምንት፣ ቃሪያ 7 ሳምንት ያህል ሲሆነው ይተከላል።

በሚመጣው ዓመት የየመደቡ ተክል ይለዋወጥ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች አንድ ወገን ስለሆኑ በሽታቸውም አንድ ነው፤ እርስ በርስ አይተካኩ።

ስለ ተባይ

ቆራጭ ትል ችግኝን ሌሊት ከሥሩ ይቆርጣል፤ ማለዳ በተቆረጠው አጠገብ አፈሩን ጫር ቢያደርጉት ይገኛል፤ ለቅሞ መግደል ነው። ክሽክሽ በጎመን ላይ ሲታይ ቅጠሉ ተቀጥፎ ይቀበር፤ አመድም ይነስነስበት። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል እ.ኤ.አ. በ2012 በአገራችን መኖሩ ታውቋል። በቅጠሉ ውስጥ ነጣ ያለ መንገድ እያበጀ ይበላል፤ ከዚያም ወደ ፍሬው ይገባል። እንዲህ ያለ ቅጠልና ፍሬ ተለቅሞ ይቃጠል። ችግኝ ከሌላ ሥፍራ በጀልባ ከማምጣት ዘር ገዝቶ በራስ ጓሮ ማፍላት ይህን ተባይ ለመከላከል ይረዳል። መድኃኒት መርጨት የግድ የሆነ እንደሆነ የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ውሀ ስለ መቅዳትና ስለ ጤና

በጣና ዳር የቢልሃርዝያ በሽታ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በዳር ውሀ ውስጥ ይዋኛል፤ ውሀ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳም ይገባል። ስለዚህ ለአትክልት ውሀ ሲቀዳ እግርን ነክሮ መቆም አይገባም፤ ከድንጋይ ወይም ከእንጨት መቆሚያ ላይ ሆኖ ባልዲ በገመድ ጥሎ መሳብ ይሻላል። ውሀው ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ሁለት ቀን ከቆየ ትሉ ይሞታል። በሽታው ከሰው ወደ ሐይቁ የሚገባው በዓይነ ምድር ስለሆነ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም አትክልተኛውን ራሱን መጠበቅ ነው። በጥሬው የሚበሉት ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በመድኃኒት በታከመ ውሀ ይታጠቡ።

ከላይ የተዘረዘረው ሥራ ዶማ፣ አካፋ፣ ባልዲና ጥቂት ዘር እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በየቀኑ መጠንቀቅን ነው። ዘንድሮ አንድ መደብ ብቻ መቅዳት የሚችል ቤት በአንድ መደብ ቆስጣ ይጀምር፤ ልጆቹ በኅዳር ከዚያ መደብ ይበላሉ፤ ከዚያም የሚቀጥለውን መደብ መቆፈር ቀላል ይሆናል።