ሰንሰል በቤተ ሙከራ ሲፈተን

ሰንሰል፣ በአንዳንድ አካባቢ ስሚዛ የሚባለው፣ ለአጥር የሚተከል ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ዓይንና ቆዳን ቢጫ ለሚያደርገው የወፍ በሽታም ቅጠሉን አዘጋጅቶ ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ወደ ቤተ ሙከራም ገብቷል፤ ኢትዮጵያውያን የተሳተፉበትና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰንሰልንና አቱችን በአይጦች ላይ ፈትኖ ጉበትን የመከላከል አቅም አሳይቷል። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ፈተና እንዴት ይካሄዳል?

መጀመሪያ የዕፀዋት ባለሙያ የተክሉን ማንነት ያረጋግጣል፤ ናሙናውም ደርቆ በቁጥር ይቀመጣል። ከዚያ ቅጠሉ በጥላ ይደርቅና ይፈጫል፤ በውሃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጠለላል፤ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ለሙከራ ይውላል። ቀጥሎ ራሱ ተክሉ መርዝ አለመሆኑ ይፈተሻል። ይህ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ብዙዎችን ለጉበት ሕመም የዳረገው ከእህል ጋር የተቀላቀለ መርዛማ አረም ነበር።

አይጦቹ በቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን ጤነኛ ሆኖ ይቆያል፤ ሌላው መርዝ ብቻ ይሰጠዋል፤ ሦስተኛው ከመርዙ ጋር ሲሊማሪን የተባለውን ማነጻጸሪያ ያገኛል፤ የቀሩት ከመርዙ ጋር ተክሉን በተለያየ መጠን ይወስዳሉ። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መርዝ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ነው። የጉበት ኢንዛይም ይህን ኬሚካል ሲሰባብረው የሴሎችን ሽፋን የሚጎዳ ፍሪ ራዲካል ይፈጠራል። ሽፋኑ ሲበላሽ ኤኤልቲና ኤኤስቲ የተባሉት ኢንዛይሞች ወደ ደም ይፈስሳሉ። ተክሉን በወሰዱት አይጦች ደም ውስጥ መጠናቸው ዝቅ ካለና በማይክሮስኮፕ የታየው ጉበት ጉዳቱ ካነሰ፣ ተክሉ ተከላክሏል ይባላል።

ይህ ውጤት ተስፋ ይሰጣል፤ ለሰው መድኃኒት ተገኘ ለማለት ግን አያደርስም። በሙከራው ብዙ ጊዜ ተክሉ የሚቀድመው መርዙን ነው፤ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ግን የሚጠጣው ከታመመ በኋላ ነው። ሕመሙም ከቫይረስ የመጣ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ተክሉ መርዙን የሚያነቃውን ኢንዛይም ብቻ አግዶ ከሆነ፣ ጉበትን አጠነከረ ማለት አይቻልም። ከቫይረስ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚድን፣ ለፈውሱ ሊመሰገን የማይገባው ቅጠል ሊመሰገን ይችላል። ይህን ሁሉ መለየት የተለያዩ መርዞችን፣ ከጉዳት በኋላ የሚሰጥ ሕክምናን፣ በመጨረሻም በሰው ላይ በጥንቃቄ የሚደረግ ጥናትን ይጠይቃል።

የአባቶቻችንን ዕውቀት ማክበር እስከዚህ ድረስ መፈተንን ይጨምራል። እስከዚያው ግን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሳይዘገይ ደሙን ያስመርምር። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ ለሄፓታይተስ ቢም መከላከያ ክትባት አለ። ቅጠል የጠጣም ካለ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሕክምናው የሚቃናው ሐኪሙ ሁሉንም ሲያውቅ ነው።