የመለሰ ተመስገን ማረሻዎችና የአርሲ መሬት

የእርሻ መሐንዲሱ ዶክተር መለሰ ተመስገን ፈጥሮ የፓተንት መብት ያገኘባቸው መሣሪያዎች ለዓይን አይሞሉም። እርፉ፣ ሞፈሩና ቀንበሩ እንዳሉ ሆነው፣ ገበሬው በያዘው ማረሻ ላይ የሚገጠሙ ብረቶች ናቸው። የፈጠራው ብልሃትም እዚሁ ላይ ነው።

በይበልጥ የሚታወቀው አይባር ቢ.ቢ.ኤም (ሰፊ መደብ ማውጫ) ነው፤ ለኮትቻ፣ ማለትም ለጥቁር ሸክላማ አፈር፣ የተሠራ የውሃ ማጠንፈፊያ። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ኮትቻ አለ። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ይቋጥርና ሥሩን ያፍነዋል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ ይዘራል፤ መሬቱም ክረምቱን ሙሉ ራቁቱን ይታጠባል። አይባር አፈሩን ወደ መደብ ከፍ አድርጎ በመካከሉ ቦይ ያወጣል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው የቀድሞው ቢ.ቢ.ኤም ሁለት ማረሻ አጣምሮ የተሠራ ስለነበር ለበሬውም ለአራሹም ከበደ፤ መለሰ ግን በአንድ ማረሻ ጨረሰው። በ2006 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከአፍሪካ የፈጠራ ሽልማት ተሸላሚዎች አንዱ ያደረገው ይህ ሥራ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከብረቱ በፊት የመጣው ጥያቄ ነው። ገበሬ ለምን አግድም ያርሳል? አንዴ ያረሰውን ማሳ ዞሮ አቋርጦ ይደግመዋል፤ ይሠልሰዋል። ዳገት ላይ ሲሆን አንደኛው እርሻ የግድ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል፤ ጎርፉም ትልሙን ተከትሎ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። በአርሲ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ባሉ ተዳፋት ማሳዎች ይህን አይቼ፣ አብሮኝ የነበረ ባለሙያ «አልገባቸውም» ሲል ሰምቻለሁ። ይህ ንግግር ያናድደኛል፤ ስህተትም ነው።

ገበሬው የሚያደርገውን ያውቃል። ማረሻ አፈሩን የሚከፍተው ከላይ ሰፍቶ ከታች እየጠበበ ነው፤ ስለዚህ በሁለት ትልም መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል። በዚያው አቅጣጫ ቢደግመው ማረሻው ተንሸራቶ ወደ አሮጌው ትልም ይገባል እንጂ የቀረውን አይነካም። የተረፈውን ለመድረስ ያለው መንገድ ማቋረጥ ብቻ ነው። አግድም ማረስ የማረሻው ቅርጽ ያስገደደው ብልሃት እንጂ ልማድ ብቻ አይደለም። «ዳገቱን አቋርጠህ ብቻ እረስ» የሚል ምክር መሣሪያውን ሳይለውጥ ቢነገር ሰሚ የማያገኘው ለዚህ ነው። መለሰ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለዶክትሬቱ ባጠናው ጥናት ይህን ጉዳይ በሚገባ መረመረ። ማረሻ ደጋግሞ አንድ ጥልቀት ላይ ሲመላለስ ከሥር የሚፈጠረውን ጠጣር ንጣፍም አየ። በርከን የሚባለው ማረሻው ይህን ንጣፍ ሰብሮ ውሃ ወደ ውስጥ ለማስረግ የታሰበ ነው።

አይባርን ገዝተው አጠቃቀሙን የሚያበላሹትን ግን ሳልወቅስ አላልፍም። መውጫ የሌለው ቦይ ውሃ ማከማቻ ነው። ቦዩን በቀጥታ ወደ ጎረቤት ማሳ መልቀቅም ነውር ነው፤ መፋሰሻው አስቀድሞ ከጎረቤት ጋር ይመከርበት። አይባርን ገዝቶ ዘሩን እንደ ድሮው እስከ መስከረም ማቆየት ደግሞ ትርፉን መጣል ነው። ቀድሞ የተዘራ ስንዴ ቀድሞ ሲደርስ፣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ሊከተለው ይችላል።

ፓተንትን በተመለከተ አንድ ነገር ይታወቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ጥበቃው 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊሠራው ይችላል።

አርሲ ዘመናዊ የእርሻ መሣሪያ አዲሱ አይደለም። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በ1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ተሞክሯል፤ ኮምባይነሩም ሜዳውን ይዞታል። ተዳፋቱንና ጠባቡን ማሳ ግን አሁንም የሚያርሰው በሬ ነው። ለእነዚህ ማሳዎች መሣሪያ የሚነድፍ ሁሉ ከመለሰ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ ገበሬውን «ተው» ከማለቱ በፊት ለምን እንደሚያደርገው ይጠይቀው።