ባሕሩን ሆዷ ሥር ይዛ የወጣች

በተቆረጠ ጀሪካን የተከላችሁትን አበባ ከቦታው አንሡትና ሥሩን እዩ። እርጥቡ አፈር ላይ ግራጫ፣ ቅርፊታም፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ፍጥረቶች ጨለማ ፍለጋ ይራወጣሉ። አንዳንድ ዝርያቸው ሲነካ እንደ አተር ፍሬ ድብልብል ይላል። የሚበሉት በአብዛኛው የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ነው።

ሰው ሁሉ «ነፍሳት» ይላቸዋል። ይህ ስሕተት ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው፤ እነዚህ ዐሥራ አራት። ወገናቸው ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ጋር ነው፤ ከ3,500 በላይ ዝርያዎችም ይታወቃሉ።

ከባሕር ዘመዶቻቸው የሚለዩት ግን ኑሯቸውን ሙሉ በሙሉ በየብስ ማድረጋቸው ነው። የየብስ ሸርጣኖችም አሉ የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አሉ። የክሪስማስ ደሴት ቀይ ሸርጣኖች ጫካ ውስጥ ይኖራሉ፤ እንቁላላቸውን ለመጣል ግን በሚሊዮን ሆነው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። የኛዋ ግራጫ አትወርድም። እናቲቱ ሆዷ ሥር በስስ ሽፋን የተሠራ፣ ፈሳሽ የሞላበት ከረጢት አላት። እንቁላሎቿ እዚያው ይፈለፈላሉ፤ ጫጩቶቿም ለመውጣት እስኪደርሱ እዚያው ይቆያሉ። የምትተነፍሰውም በጅራቷ በኩል፣ ከሆዷ ሥር ባሉ ቅጠል መሰል አካላት ነው፤ እነሱ ከደረቁ ትታፈናለች። እርጥበት የምትወደው ለዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ የተባይ መርጫ ይዘው ወደ አበባዎቻቸው ሲሄዱ አየሁ። «እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ይቆዩኝ» ብዬ አንዷን በብርጭቆ ያዝኩ። ከፊት ግራጫ፣ ከኋላ ነጣ ያለች ነበረች። «ይቺማ ታማለች» አሉኝ። አልታመመችም፤ ቅርፊቷን እየቀየረች ነው። መጀመሪያ የኋላውን ግማሽ ትጥላለች፣ ከቀናት በኋላ የፊቱን። ሁሉንም ባንዴ ስለማትጥል ግማሽ ጋሻዋ ሁልጊዜ አብሯት ነው።

እንዲህ ያለችውን ፍጥረት በመርዝ ማጥፋት ጥፋት ነው። ሰው አትነክስም። ለጋ ችግኝ አልፎ አልፎ ትቀምሳለች፤ ያ ከሆነ ችግኙ አጠገብ የተጠራቀመውን ቅጠል ማንሣትና ውኃ መቀነስ ይበቃል።

ሌላ ብርጭቆ አምጥቼ ከረጢቷ የሞላ አንዲት እናት አሳየኋቸው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው ከሥር ሲያዩ፣ በስሱ ሽፋን ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች ይንቀሳቀሱ ነበር። እነዚያ ጫጩቶች ሲወጡ እግራቸው ገና ዐሥራ ሁለት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሚበቅሉት ቅርፊት ከቀየሩ በኋላ ነው። እትዬ መርጫውን መሬት አስቀምጠው ብርጭቆውን ራሳቸው ተቀበሉኝ።