ራጅ በላስታ ደጋ

ራጅ የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ጨረሮች ማለት ነው። ጨረሩ የሚመነጨው አየር ከተወገደለት ቱቦ ውስጥ ነው። ከጋለ ክር የሚወጡ ኤሌክትሮኖች በ80 ሺህ ቮልት ገደማ ተስበው ከተንግስተን አኖድ ጋር ይላተማሉ። ከጉልበታቸው ወደ ጨረር የሚለወጠው 1 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል።

መሣሪያው እንደ ላሊበላ ባለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲተከል አየሩ ራሱ ይፈትነዋል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ኤሌክትሪክን የማገድ አቅሙም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ በከፍተኛ ቮልት ገመዱ መሰኪያ ውስጥ ክፍተት እንዳይቀር በሲሊኮን ቅባት ይሞላል፤ አለዚያ ብልጭታ ይፈጠራል።

ይበልጥ አስቸጋሪው ግን የመብራት መስመሩ ነው። እስቲ አንባቢ አብሮን ያስላ። 80 ኪሎቮልት በ200 ሚሊአምፔር ሲባዛ 16 ኪሎዋት ይሆናል፤ ይህም ከ220 ቮልት መስመር ከ70 አምፔር በላይ መሳብ ማለት ነው። የመስመሩ ሬዚስታንስ 0.3 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 22 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። በታማሚው አካል አልፎ ምስሉን የሚሠራው ጨረር በግምት ከቮልቱ 4ኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ፣ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ጨረሩ በሲሶ ይቀንሳል። ምስሉ ይደበዝዛል፤ ታማሚውም ያለ ጥፋቱ ዳግመኛ ጨረር ይቀበላል። ባትሪ ወይም ካፓሲተር ያለው መሣሪያ ግን ኃይሉን ከመስመሩ ቀስ በቀስ አጠራቅሞ በቅጽበት ስለሚለቀው ለእንዲህ ያለ ቦታ ይመረጣል።

በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ ከተማዋ ከአንድ ዓመት በላይ መብራት አጥታ ቆይታለች። እንዲህ ሥራ ፈትቶ የሰነበተ ቱቦ በሙሉ ኃይል አይነሣም፤ ከዝቅተኛ ቮልት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይሟሟቃል፤ ቀዝቃዛ አኖድ በድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላልና።