በክረምት በፎገራ ሜዳ ወፎችን ስለ መመዝገብ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ውሃ ይተኛል። ይህ ውሃ ለሩዝ እንደሚበጅ ሁሉ ለወፎችም መራቢያ ነው። ባለዘውድ ጥቁር ክሬን የምትባለው ባለ ረጅም እግር ወፍ በዚህ ወቅት በረግረጉ ሣር ውስጥ ጎጆዋን ትሠራለች። የምትጥለው እንቁላል 2 ወይም 3 ሲሆን እስኪፈለፈል አንድ ወር ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ረግረጉ ቢጠነፈፍ፣ ሣሩ ቢታጨድ ወይም ከብት ቢሰማራበት የዓመቱ ጫጩት ሊጠፋ ይችላል።

ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች ግን በጥቅምት ገደማ ደርሰው በመጋቢት ይመለሳሉ። ስለዚህ የበጋ ቆጠራ ብቻውን በስፍራው የሚራቡትን ለይቶ አያሳይም።

የአንድ ቀን አሠራር፦

1. እንደ ሸሸርና ዋለላ ባሉ ረግረጎች ዳር፣ ንጋት ላይ ከጉብታ ሆኖ መቁጠር።

2. ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የወፉን ዓይነትና ብዛት ወዲያው መጻፍ። ዓይነቱ ካልተለየ «ያልታወቀ» ይባላል እንጂ በግምት አይሞላም።

3. ወደ ጎጆ አለመቅረብ። ወላጆቹ ከሸሹ እንቁላሉ ለብርድና ለአውሬ ይጋለጣል።

4. ከሰዓት በኋላ ቆጠራውን መድገም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ግን አለመደመር። ያው ወፍ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላልና።

ጎጆ መኖሩ ሲታወቅ የልማት ሠራተኛው ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ያስታውቃል። ማኅበሩም ጫጩቶቹ እስኪወጡ ዙሪያውን ከግጦሽና ከአጨዳ እንዲያቆይ ይመከራል። የሚቀርበት የጥቂት ሳምንታት ሣር ነው፤ የጠፋ ዘር ግን በቀላሉ አይተካም።