አንድ ቀን በጀጎል፤ ሐረርን በምን ቅደም ተከተል እንጐብኝ?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሳይሆን አልቀረም። የፓሪስን ጐዳናዎች ከመጽሐፍ አጥንቶ በስም የሚጠራ ተማሪ፣ ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀውን ሐረርን ሳያይ ይመለሳል። የደረሰውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከግንቡ ሥር ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ማታ ጅብ ሲበላ ተመልክቶ «ሐረርን አየኋት» ይላል። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ያለው ተማሪ ከተማይቱን እንዴት ቢመለከታት እንደሚጠቀም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። አካሄዱ ቀላል ነው፤ ይኸውም ጧት ግንቡን፣ ረፋድ ላይ ገበያውን፣ ከቀትር በኋላ ቤቱን ማየት ነው።

ግንቡ ጀጎል ይባላል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አሚር ኑር ከተማይቱን ከጠላት ለመከላከል እንዳሠሩት ይነገራል። ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ጥንታውያን በሮቹ 5 ናቸው። እኛ ሸዋ በር የምንለውን ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ይሉታል፤ ሌሎቹም በሮች እንደዚሁ ከአንድ በላይ ስም አላቸው። ከግንቡ ሥር ጠባብ ቀዳዳዎች ይታያሉ። እነዚህ ጅብ ሌሊት የሚገባባቸው ናቸው። ጅቡ አጥንቱንና ትርፍራፊውን እየለቀመ መንገዱን ስለሚያጸዳ፣ ሰውና አውሬው ተላምደው ኖረዋል። የማታውን ትርኢት ብቻ ያየ ሰው ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አላየም።

ግንቡ መዘጋትን ሲያስተምር ገበያው መከፈትን ያስተምራል። እንግሊዛዊው በርተን በ1847 ዓ.ም. ሲገባ ከተማይቱ ለአውሮፓውያን ዝግ ነበረች፤ ነጋዴው ግን ያን ጊዜም ይመላለስባት ነበር። ዛሬ ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ቦታው ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዘው የነበሩት ግብፆች መስጊድ ሠርተውበት የነበረ ነው። ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ የተደረደሩበት መኪና ግርግር ይገኛል፤ ስሙም የስፌት መኪናው ድምፅ ያወጣለት ነው። መጋላ ማለት ገበያ መሆኑን ያወቀ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሳይጠይቅ ይሄዳል።

ምግቡም ከዚሁ አይለይም። ቁርስ ፈጢራ፣ በመንገድ ላይ ሳምቡሳ፣ ከተገኘም ሁልበት መረቅ፣ ማለትም እስኪኰፍ የተመታ አብሽ ከሥጋ መረቅ ጋር በዳቦ የሚበላ ነው። ቡናው ሳይታጠብ ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ በመሆኑ ጣዕሙ ከሌላው ይለያል። ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢንም መቅመስ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቤቱ ነው። ከውጭ ሲታይ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ብቻ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ መደብ የማን መቀመጫ እንደሆነ የታወቀ ነው። አሚር ነደባ ላይ የሚቀመጠው የቤቱ አባወራ በሩን ፊት ለፊት ያያል። ግድግዳውን የሴቶች እጅ የሰፋቸው ባለቀለም ስፌቶች አስጊጠውታል። መደቡ ደግሞ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ እንደሆነ የከተማይቱ ሰዎች ያስረዳሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጨለንቆ በእኛ ደብተር ውስጥ «ሐረር በምኒልክ ግዛት ሥር ገባች» የምትል አንዲት መስመር ናት፤ ለፈተና አጥንተናት እናልፋለን። በዚህ ቤት ግን ልጅ ተወልዶ የሚያድግበት፣ ሙሽራ የሚሞሸርበት፣ እንግዳ ቡና የሚጠጣበት መቀመጫ ነው። በዚያ ቀይ መደብ ላይ እኛን ተቀብሎ የሚያስተናግደን ሰው፣ ታሪኩንም እንግዳውንም አብሮ መያዝ እንደሚቻል ያለ ንግግር ያስተምረናል። ይህን ትምህርት የሚሰጥ መጽሐፍ አላገኘንም።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መካናት እንዳሉባት ቈጥሯል። ነገር ግን ቅርሱን የሚጠብቀው መዝገቡ ሳይሆን በየጊዜው ጭቃውን የሚመርገው፣ ቀይ አፈሩን የሚቀባው ቤተሰብ ነው። ሲሚንቶ ድካሙን ያቀልለታል፤ ቤቱ ግን ያን ጊዜ ሌላ ቤት ይሆናል። እንግዳው ከውጭ ፎቶግራፍ አንሥቶ ብቻ ቢሄድ ለዚህ ድካም ምን ረዳት?

ስለዚህ ወደ ሐረር የምትሄዱ ጓደኞቻችን እንግዳ ከሚቀበሉት ቤቶች ባንዱ እደሩ፤ የከተማውን ልጅ መሪ አድርጋችሁ ዋጋውን ክፈሉ፤ ሰውን ሳታስፈቅዱ ፎቶግራፍ አታንሡ። ከቤት ስትገቡም ጫማችሁን አውልቁና የትኛው መደብ ላይ መቀመጥ እንደሚገባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።