ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ እስከ ኢፍጧር ማዕድ

የመግሪብ አዛን ሊል ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የቤታችን በረንዳ ይሞላል። እናታችን ለሻይ የሚሆን ናና ይቀነጥሳሉ። ልጆቹ የቀላች እንጆሪ ካለች ብለው ቅጠል ለቅጠል ይፈትሻሉ። ኩሽና ውስጥ ሳምቡሳ የሚጠቀልለው ሰው ደግሞ «ድንብላሉ የት ደረሰ?» እያለ ይጣራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም በረንዳ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለረጅም ጊዜ የኖርንበትን ግቢ ለቀን ወደዚህ ስንመጣ ከሁላችንም በላይ የከበዳቸው እናታችንን ነበር። በግቢው ጥግ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ናናና ጎመን ነበራቸው። ጎረቤት ቅጠል ሲቸግረው ወደ እሳቸው ይልክ ነበር። በአዲሱ ቤት የመጀመሪያው ረመዳን ሲገባ ናና ከገበያ ገዝተን መጣን። በእጃቸው አገላብጠው አዩትና «ናና በብር እገዛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም» አሉ። ሻዩን ሳይጨርሱ ለተራዊህ ተነሡ። በረንዳው ላይ የተከመረውን አሮጌ ዕቃ ያነሣነው በማግስቱ ነው።

የጀመርነው ባዶ የዘይት ጀሪካኖችን አፋቸውን በመቁረጥ ነው። ከሥራቸው አምስት ስድስት ቦታ በስተናቸው፤ ውሃ መውጫ ካላገኘ ሥር ይበሰብሳል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለን ሞላን። ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ግን ለሚበላ ነገር አንጠቀምም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ለአንድ ሰው ማንሣት ስለሚከብድ የምናስቀምጠው ወለል ላይ፣ ግድግዳውን አስጠግተን ነው። የበረንዳ ብረት ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ከታች ለሚያልፍ ሰው አደጋ ነው።

ናና ለጀማሪ የሚመች ነው። ከገበያ ከተገዛው እስር ውስጥ ጠንከር ያለውን መርጠን፣ አንድ ጣት በሚያህል ርዝመት ቆርጠን፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፈን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆምነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጭ ሥር አወጣ። ለብቻው መተከል አለበት፤ ሥሩ እየተስፋፋ ጎረቤቱን ያፍናል። ድንብላልም ችግኝ አልፈለገም። ያልተቆላውን የኩሽና ድንብላል በቀስታ ለሁለት ከፍለን ዘራነው። ቅጠሉ ለምስር ሳምቡሳ የሚሰጠው ጣዕም ከደረቁ ፍሬ ፈጽሞ ይለያል።

እንጆሪ የልጆቹ ምርጫ ነበር። ቅጠሎቹ የሚበቅሉበት እምብርት በአፈር ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ከአፈሩ ከፍ ማለት አለበት። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይም ይፈልጋል። ሲጠነክር እንደ ክር ያለ ቅርንጫፍ እየዘረጋ ራሱ ልጅ ያወጣል፤ ያንን ሌላ ዕቃ ላይ አስደግፈን ሥር ሲይዝ እንቆርጠዋለን። ከሁለት እግር ተነሥተን ዛሬ ዘጠኝ አለን። ከመጠጥ ጁስ ጀምሮ የምናውቀው ፓሽን ፍሩትም በረንዳው ብረት ላይ እየተሳበ ነው። ከበላነው ፍሬ ውስጥ ዘሩን አጥበን የተከልነው ነው። የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ከዓመት በላይ ታግሠናል።

ፈተና የሆነብን ከርከዴ ነው። ሱዳንና ግብፅ የረመዳን መጠጥ እንደሆነ እናውቃለን፤ ከአሶሳ የመጣ ዘመዳችን ዘሩን በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጠን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ቸኩለን ሐምሌ ላይ ዘራነው። የአዲስ አበባ ብርድና ዝናብ አንድ ቡቃያ እንኳ አላስተረፈልንም። ከርከዴ የቆላ ተክል ነው። በተከታዩ ዓመት መጋቢት ላይ፣ ፀሐይ ሲውልበት በሚሞቀው ግድግዳ ሥር ዘራን። አበባ የሚያወጣው ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ስለሆነ እስከ ጥቅምት ድረስ ቅጠል ብቻ ስናይ ቆየን። አበባው ከረገፈ ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ፍሬውን የሚያቅፈው ቀይ ሥጋማ ሽፋን ሳይጠነክር ይለቀማል። ያደረቅነውን ስንቆጥር ሃያ ሦስት ሆነ። የስምንት ወር ልፋት አንድ ጆግ ብቻ!

ያን ጆግ ግን የዘንድሮው ረመዳን የመጀመሪያ ምሽት ላይ ከቴምር ጋር አቀረብነው። ልጆቹ እስከ አዛን ድረስ ዐይናቸውን አልነቀሉበትም። ድሬዳዋና ሌላ ሞቃት አካባቢ የምትኖሩ ከእኛ የተሻለ ይቀናችኋል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከርከዴን ከማዘውተሩ በፊት ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ተክል ማጠጣት ያሳስባል። መላውን ያመጡት እናታችን ናቸው። ውዱእ ሲያደርጉ ከሥር ሳፋ ያስቀምጣሉ፤ ሳሙና ያልነካው ያ ውሃ ወደ ጀሪካኖቹ ይሄዳል። አምስት ሰው ባለበት ቤት የአምስት ሶላት ውዱእ ለትንሽ በረንዳ ይተርፋል። የምናጠጣውም ከሱሁር በኋላ ነው፤ ፀሐይ ሳይወጣ አፈሩ ውሃውን ጠጥቶ ይቆያል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። እንጆሪያችንን ወፎች ቀድመውን ሲበሉ ልጆቹ ተናደው ነበር። አያታቸው ይህን ሲነግሯቸው ትንሹ አሰብ አደረገና «እሺ፣ የታችኛዋ የወፎቹ ትሁን» አለ።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ነው የገቡት። ፊት ለፊታችን ያሉት ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ያልተለዋወጥነው፣ ባለፈው ሳምንት በራችንን አንኳኩ። የበረንዳውን ሽታ ተከትለው ነው የመጡት፤ ለጾም ምግባቸው ድንብላል ፈልገው ነበር። እናታችን ድንብላሉን ሰጥተው ሥር ያወጣ ናና ከነብርጭቆው ጨመሩላቸው። በማግስቱ ብርጭቆው ሲመለስ ባዶውን አልነበረም፤ የጤና አዳም ቁጥቋጦ ቆሞበታል።

እናታችን እሱን ሲተክሉ አየናቸው። ከሥሩ ያለውን አፈር በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና «አሁን ቤት ሆነ» አሉ። የዚያን ዕለት ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ፤ ሁለተኛም አስቀዱ።

ለመጀመር አንድ ጀሪካንና አንድ እስር ናና ይበቃል። ዛሬ ከምትገዙት ናና ሁለት ዘንግ ብቻ ውሃ ውስጥ ብታቆሙ ለዒድ ሥር ያወጣል፣ ኢንሻአላህ። ረመዳን ከሪም!